ሰቆጣ በገበያ ቀን፤ አደባባይ ለአስተዋይ ምን ይነግራል?

«የገበያ ግርግር ለሌባ ይመቻል» ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ግርግሩ ከሌባው ይልቅ የሚመቸው ሌላ ሰው አለ፤ ይኸውም ሕዝቡን ለማወቅ የሚሻ አስተዋይ ነው። ሰው በቤቱ ሲሆን እንደ ቤቱ ልማድ፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ሲቆም እንደ ባለጉዳይ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ እንደ ሥርዓቱ ይሆናል። ከአደባባይ ሲደርስ ግን ማንም ሳያዘውና ማንም ሳይመዘግበው የሚቆምበትን ቦታ፣ የሚቀመጥበትን ጥላና የሚያነጋግረውን ሰው ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ የሕዝብን ጠባይ በመዝገብ ከመፈለግ አስቀድሞ በአደባባይ ማየት ይበጃል እንላለን።

ይህን ነገር ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ተዳርሷል፤ መንገድ ይሰፋል፣ አደባባይ ይነጠፋል፣ ገበያ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ይዛወራል። ፕላኑን ከሚነድፉትና ከሚያስፈጽሙት መካከል ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ከወጡ ገና ጥቂት ዓመታቸው የሆኑ ወጣቶች ናቸው። በቢሮ ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የምትሰመር አንዲት መሥመር፣ ግማሽ ቀን ተጉዛ የመጣች ሴት ሸክሟን የምታወርድበትን ቦታ ለብዙ ዘመን ትወስናለች። ታዲያ መሥመሩን የሚያሰምረው ወጣት ያችን ሴት አይቷታልን? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ለዚህም ሲባል ትልቁን ከተማ ትተን ሰቆጣን መረጥን።

ከአደባባዩ አፋፍ

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራሮች መካከል ተቀምጣለች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 22,346 ነዋሪዎች ነበሯት። በገበያ ቀን ግን ከተማይቱ የነዋሪዎቿ ብቻ አይደለችም። ከሰቆጣ ዙሪያ ቀበሌዎች፣ ከድሃናና ከጋዝጊብላ፣ እንዲሁም ወደ ተከዜ ከሚያዘቀዝቀው ከዝቋላና ከአበርገሌ ቆላ የሚመጣው ሰው አደባባዩን ይሞላዋል።

እኛም በአንድ የገበያ ቀን ማልደን ሄደን፣ ሰው ወደ ገበያው ከሚገባበት መንገድ ዳር፣ ከአንድ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጥን። በመጀመሪያ ዐይናችንን የሳበው ገበያው ራሱ አልነበረም፤ ሰው ወደ ገበያው ከመግባቱ በፊት የሚያደርገው ነገር ነው። ከሩቅ የመጡት መንገደኞች ከአደባባዩ አፋፍ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። በእጃቸው አንጠልጥለውት የመጡትን ኮንጎ ጫማ የሚያጠልቁ አሉ። እግሩን በጥቂት ውኃ የሚያጥብ፣ ጋቢውን አራግፎ እንደገና የሚደርብ፣ ዱላውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ የሚይዝ አለ። ሴቶቹ ሸክማቸውን በካቡ ላይ አሳርፈው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ከዚህ በኋላ ነው የሚገቡት።

ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። የገጠሩ ሰው ወደ አደባባይ የሚገባው እንደ ሸቀጥ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን፣ ሰዎች እንደሚያዩት አውቆ፣ ራሱን አክብሮ ነው። ደግሞም ያ ዝቅተኛ ካብ በማንኛውም ፕላን ላይ አይገኝም ይሆናል፤ ለሥራው ግን ከብዙ የተወለወለ እብነ በረድ ይበልጣል። ቁመቱ የሸክም ማውረጃ ልክ ነውና፣ ሴት ያለ ረዳት ጆንያዋን አሳርፋ ያለ ረዳት ታነሣለች። መንገዱን የሚያሰፋ መሐንዲስ ይህን ሳያይ ካቡን ቢያፈርስ፣ በካርታው ላይ የጎደለ ነገር አይኖርም፤ በሴቲቱ ወገብ ላይ ግን ይኖራል።

ሰላምታና መንገድ

ሁለተኛው ያስተዋልነው ነገር ሰላምታ ነው። ዘመድ ከዘመድ፣ አበልጅ ከአበልጅ ሲገናኝ ሰላምታው ከመንገዱ ዳር አይሆንም፤ ሰው ከሚተላለፍበት ከመሐል ላይ ነው። ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፤ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ የከብቱ፣ የዝናሙ ነገር በተራ ይጠየቃል። ኋላ የመጣው ባለ አህያ ዞሮ ያልፋል እንጂ «ልቀቁ» ብሎ አይጮኽም። ይህን ያየ አንዳንድ የተማረ ወጣት፣ «ሕዝባችን መንገድ አጠቃቀም አያውቅም» ብሎ ይፈርዳል።

ፍርዱ የችኮላ ነው። ዊልያም ኋይት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከወጣት ረዳቶቹ ጋር በኒውዮርክ አደባባዮች ላይ ካሜራ ተክሎ የሰዎችን አኳኋን አጠና፤ ያገኘውንም በ1980 በመጽሐፍ አወጣ። ጥናቱ እንደሚያስረዳው የኒውዮርክ ሰዎችም ሲገናኙ ቆመው የሚያወሩት ከዳር ሳይሆን ከመተላለፊያው መሐል ነበር። ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው፤ ሰውንም ከምንም ነገር በላይ የሚስበው ሌላ ሰው ነው ሲል ደምድሟል። በዚያች ከተማ ከ1961 ጀምሮ፣ በሕንፃው ፊት ክፍት አደባባይ ለሚሠራ ባለ ሕንፃ ተጨማሪ ፎቅ እንዲሠራ የሚፈቅድ ደንብ ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ አደባባዮች ተሠሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ቦታ ነበራቸው፤ የሚቀመጡበት ነገር ግን አልነበራቸውም።

እንግዲህ የሰቆጣው ባላገርና የኒውዮርኩ ነጋዴ በአንድ ነገር ተስማሙ ማለት ነው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው አነጋገር ባሕር ማዶም ይሠራል።

ያለ ዘበኛ የሚጠበቅ ሥርዓት

ረፋዱ ላይ ገበያው ሲደምቅ ከሩቅ ለሚያየው ትርምስ ይመስላል። ቀርቦ ላየው ግን ሁሉም በተራ ነው። እህል ሻጮቹ ፊት ለፊት በረድፍ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸውም ሁለት ሰው የሚያስተላልፍ ያህል መንገድ ይተዋሉ። ፍየልና በግ ከእህሉ ርቀው ይቆማሉ፤ ቢቀርቡ እህሉን ይበሉታልና። ማርና ቅቤ ጥላ ያለበትን ይይዛል። ሸክላ ሻጮች የሰው ግፊያ ከማይደርስበት ዳር ላይ ናቸው። ይህን ያዘዘ አንድም ባለሥልጣን አላየንም። ፀሐዩ፣ የመሬቱ ዳገትና ቁልቁለት፣ የእንስሳው ጠባይና የብዙ ዘመን ልማድ ተባብረው የነደፉት ፕላን ነው።

በቋንቋም እንዲሁ ነው። እኅትና ወንድም እርስ በርሳቸው በኽምጣና ይመካከራሉ፤ ዋጋውን ለገዢው በአማርኛ ይናገራሉ፤ ከአበርገሌ በኩል የመጣ ደንበኛ ሲያጋጥማቸው ወደ ትግርኛ ይሻገራሉ። አንድ የፍየል ሽያጭ እስኪያልቅ ሦስት ቋንቋ ሲነገር ሰምተናል። ገዢው የፍየሉን ወገብ ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል፣ ዋጋ ሰምቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። በመጨረሻ ከዳር የቆመ አንድ ሽማግሌ መሐል ገብተው የሁለቱን እጅ ያገናኛሉ። ሽማግሌው ደላላ አልነበሩም፤ ጭቅጭቁ ስለ ረዘመ ብቻ ገቡ፤ ሥራቸውንም ፈጽመው ሄዱ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢባል መሠረቱ ሩቅ ነው። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቀ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ረባዳ ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ በእንስሳ ተጭኖ ወደዚህ ይደርስ ነበር፤ አሞሌም በዚያ ዘመን ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። በአገራችን በጠቅላላው ገበያ የመንግሥትም አፍ ነበረ። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ መካከል ነው፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ነጋሪት ጋዜጣ» ስሙን የወረሰው ከዚሁ ከበሮ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉም መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ሳይጠሩ መሐል የገቡት ሽማግሌ የዚያ ዘመን ወራሽ ናቸው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ገበያው የሚናገረው ወሬ

ከዚህ የሚቀጥለው ለወጣት ሹማምንት የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናስባለን። ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው፤ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከጎዳቸው ቦታዎች አንዱ እንደ ነበረ የሚዘነጋ አይደለም። መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የመቀንጨር ችግር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም መጥራቱም ስለዚህ ነው።

ረኃብ ግን በድንገት አይመጣም። ወደ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ከመድረሱ አስቀድሞ በገበያ ላይ ይታያል። አንድ ፍየል ስንት ቁና እህል ይገዛል? ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ይናገራል። ዘመኑ ደኅና ሲሆን ባላገሩ የሚሸጠው ወጠጤውን ነው፤ ሲከፋ እናት ፍየሏን ይዞ ይመጣል። ሻጩ ሲበዛና ገዢው ሲያንስ፣ የከብት ዋጋ ሲወርድና የእህል ዋጋ ሲወጣ፣ ሴቶች እንቁላሉን ሸጠው ሳይሸምቱ ሲመለሱ፣ ወጣቶች ትንሽ ጥቅል ይዘው ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ የሚወስድ መኪና ሲጠባበቁ ካየን፣ ነገሩን ለመረዳት ሪፖርት እስኪጻፍ መጠበቅ ያስፈልገናልን? የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች የከብትንና የእህልን ዋጋ እያነጻጸሩ የሚከታተሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ወጣቱ ሹምም በገበያ ቀን ከቢሮው ወጥቶ አንድ ሰዓት ቢመላለስ የሚያተርፈው ነገር አለ።

ጦርነትም በአደባባይ ይታያል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ የመንግሥት ኃይሎች መልሰው የያዟት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በከተማይቱና በዙሪያዋ ተጠልለው ኖሩ። በእንደዚህ ያለው ጊዜ ሰላም መመለሱን የሚያረጋግጠው መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ባላገሩ ፍየሉን ነድቶ ሌሊት መንገድ መጀመሩ፣ እናትም ልጇን ይዛ ገበያ መውጣቷ ነው።

አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ጠባይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በሌላ ጊዜ በአንድ የእርዳታ ማደያ ሥፍራ ተገኝተን ነበር፤ የት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። በገበያ ላይ የምናያቸው ዓይነት ሰዎች እዚያም ነበሩ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን በመልክ ለየናቸው። ጠባያቸው ግን ሌላ ነበር። በገበያ ሲሟገትና ሲቀልድ ያየነው ሰው ዝም ብሎ በላስቲክ የጠቀለለውን ካርድ ይዞ ቆሟል። በገበያ ለአህያ እንኳ መንገድ የሚለቀው ሕዝብ እዚህ ይጋፋል። ሽማግሌ ሲገፉ ነይ አትግፊ፣ ተው አትግፋ የሚል አልተገኘም። አስተናባሪው ወጣት ወደኛ ዞሮ፣ ሕዝቡ ሥርዓት የለውም ሲል አማረረ።

ሥርዓት የሌለው ሕዝቡ ነውን? ገበያ ላይ ቁናው ሲሰፈር ሁሉም ያየዋል፤ ማደያው ላይ ስም የሚጠራው ከመስኮት ውስጥ ነው፤ ኋላ ያሉት አይሰሙም። ገበያ ላይ ተራው በዐይን ይታወቃል፤ ማደያው ላይ እህሉ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርስ እንደ ሆነ የሚነግር የለም። ገበያ ላይ የሚቀመጡበት ድንጋይና የሚጠለሉበት ጥላ አለ፤ ማደያው ላይ ፀሐይ ብቻ ነው። የማይሰማ፣ የማያይና የሚደርሰውን የማያውቅ ሰው ይጋፋል፤ እኛም ብንሆን በቦታው ብንቆም እንጋፋ ነበር። ግፊያውን ያመጣው የቦታው አሠራርና የአስተናባሪው አያያዝ ነው። ስም በድምፅ ማጉያ ቢጠራ፣ የቀረው እህል ብዛት በየሰዓቱ ቢነገር፣ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር አንድ ጥላ ቢተከል፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ያ ሕዝብ የገበያውን ጨዋነት ይዞ ይቆም ነበር።

ሴቶችና ሻደይ

ከላይ የጠቀስነው ኋይት አንድ ሌላ መለኪያ አለው፤ በአንድ አደባባይ የሴቶች ቁጥር ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ቦታው ደኅና መሆኑንና በመልካም መያዙን ያሳያል ይላል። በሰቆጣ ገበያ እህሉን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉንና ሸክላውን ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አደባባዩ በሙሉ የሴቶች ይሆናል። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ እየመቱ፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሽማግሌዎች ቤት፣ ከዚያም ወደ አደባባይ ይሄዳሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የዚሁ በዓል ወገን ነው።

በዓሉ ዛሬ እንግዳ የሚጋበዝበት ትልቅ ጉባኤ ሆኗል፤ ይህም መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ከተሞች እንዲህ ባለው በዓል ላይ አንድ ነገር አይተን አዝነናል። ድንኳኑና ወንበሩ ለተጋባዥ ሹማምንት ተዘጋጅቶ፣ ልጃገረዶቹ ንግግሩ እስኪያልቅ ለሰዓታት በፀሐይ ይቆማሉ። ተራው ሕዝብ በገመድ ተከልሎ ከሩቅ ያያል። በሻደይ ጨዋታ ግን ተጫዋችና ተመልካች በገመድ አይለይም፤ እናት ታጨበጭባለች፣ ወንድም ሎሚ ይሁን ሳንቲም ይሰጣል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ገመዱ ሲዘረጋ የጨዋታው ባለቤት ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ከአራዳ እስከ መስቀል አደባባይ

ይህ ሁሉ የአንድ ትንሽ ከተማ ነገር ብቻ እንዳይመስል ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር አስቦ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወረ። ሐሳቡ ክፉ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ቦታውን የራሱ አደረገው። ሸማ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ በየዕቃው ከፋፍሎ ስም አወጣለት። በሰቆጣ ያየነው ፍየልን ከእህል የሚያርቅ ሥርዓት በመርካቶም በትልቁ ተደግሟል።

መስቀል አደባባይንም እንይ። ደረጃዎቹ የተሠሩት ሕዝቡ ተቀምጦ በዓልና ሰልፍ እንዲመለከት ነው። የአዲስ አበባ ወጣት ግን ለብዙ ዓመታት በማለዳ እየመጣ ከደረጃ ደረጃ እየተመላለሰ ሮጦበታል። ያለ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ ወጪ የስፖርት ሜዳ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ታድሶ ሲከፈት ደረጃዎቹ እንዲኖሩ መደረጉ የሚያስመሰግን ነው። ሕዝብ ለአንድ ቦታ ያወጣለትን ሥራ አይቶ ማቆየት ከአዲስ ፕላን አይተናነስም።

ምን ይደረግ?

ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት የምናቀርበው ምክር ከባድ አይደለም፤ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። አደባባይ ከመነካቱ በፊት ሦስት ቀን ይታይ፤ አንዱ የገበያ ቀን፣ አንዱ ተራ ቀን፣ አንዱ የበዓል ቀን ይሁን። ሰው ሸክሙን የሚያወርደው የት ነው? በቀትር ጥላው የት ይወድቃል? ውኃ ከየት ይገኛል? ሴቶችና ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በየትኛው ጥግ ነው? ሰላምታ የሚበዛው በየትኛው መንገድ ላይ ነው? ማንስ ነው ወደ አደባባዩ መጥቶ ከዳር ቆሞ የሚቀረው? ይህ ሁሉ ተጽፎ ከፕላኑ ጋር ይያያዝ። ገበያ መዛወር የግድ ከሆነም፣ እህል ሻጮቹና ፍየል ነጂዎቹ አስቀድመው ቦታውን በእግራቸው ሄደው ይዩት፤ ተራውንም ራሳቸው ያስይዙ።

«ጊዜ የለንም፤ ሥራው በቀነ ገደብ የተያዘ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። መፍጠን የሚያስፈልግበት ጊዜ መኖሩንም አንክድም። ነገር ግን ሦስት ቀን ለመመልከት ጊዜ አጥቶ የተሠራ አደባባይ፣ ሕዝቡ ስላልተቀመጠበት እንደገና ሲፈርስ ስንት ቀን ይፈጃል? ገንዘቡስ የማን ነው?

በዚያ ዕለት ከካባችን የተነሣነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ገበያው እየሳሳ ሄደ፤ እህል ሻጮቹ ከመሬት የፈሰሰውን ጥሬ ለቅመው ስልቻቸውን አራገፉ። ጠዋት ነጠላዋን ስታስተካክል ያየናት አንዲት ሴት ጨውና አንድ ደብተር ገዝታ ተመለሰች፤ ሸክሟን በካቡ ላይ አሳርፋ ጥቂት ዐረፈችና ብቻዋን አንሥታ መንገዷን ቀጠለች። ያ ካብ በሚቀጥለው ገበያ፣ በሚመጣው ዓመትም እንዲቆያት እንመኛለን፤ ይህም በአንባቢዎቻችን እጅ ነው።